ሰባት ሺህ ምናምን

ከቅዳሴ በኋላ ሻይ በሚጠጣበት አዳራሽ ውስጥ የአባቴን ታሪክ የማያውቅ ሰው የለም። ለእኔ ለልጃቸው እንኳ መልሰው ይተርኩልኛል። «አንቺ የእሳቸው ልጅ ነሽ አይደል? የእኚያ ዶክተሩን ልክ ልኩን የነገሩት አባት?» ይሉና፣ አዎ ሳልል ይጀምራሉ። ዶክተሩ ዓመቱ ስንት ነው ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሰባት ሺህ ምናምን አሉት። ፈረንጁ አእምሯቸው ተነክቷል ሊል ሲል ወንድ ልጃቸው አስረዳው፤ አፈረ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ሳቅ በሳቅ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ሁልጊዜ «ድሮስ ፈረንጅ ምን ያውቃል!» ይላል። እኔ ስኒዬን አስቀምጬ ወደ መኪናዬ እሄዳለሁ፤ ከቆየሁ ሰው እሰድባለሁ።

የምታቃጥለኝ «ምናምን» የምትለው ቃል ናት። አማርኛ ውስጥ እንደ እሷ የምጠላው ቃል የለም። ሰባት ሺህ ስንት? ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የአባቴ ነገር ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያችው ምናምን ውስጥ ነበር።

አባቴ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩ። ኋላ ያንን ትተው የመንግሥት ሥራ ያዙ፣ ወንድሜንና እኔን አሳደጉ፣ ጡረታ ወጡ። ከድሮው ትምህርታቸው ሳይጠፋ የቀረው ባሕረ ሐሳብ ነው። ባሕረ ሐሳብ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበት ስሌት ነው፤ ሌላው ሰው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ካላንደር የሚያነበውን አባባ ከራሳቸው ያወጡታል። መነሻው አንድ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት፣ ዓመተ ዓለም የሚባለው። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድስት ከሆነ አምስት ሺህ አምስት መቶ ይጨመርበትና ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስድስት ይሆናል። ይህ ቁጥር ለአሥራ ዘጠኝ ይካፈላል። ከቀሪው ላይ አንድ ይነሣል። የተረፈው የዓመቱ ወንበር ይባላል፤ ነነዌም፣ ዐቢይ ጾምም፣ ፋሲካም የሚወጡት ከዚያ ተነሥተው ነው።

ይህን ለሁለታችንም ሊያስተምሩን ሞክረዋል። ወንድሜ ኳሱን ይዞ ሮጠ፤ እኔ ላይ ግን ተጣበቀ። መንገድ ላይ እጄን ይዘው ያገኙትን ቁጥር ሁሉ ያካፍሉኛል፤ የአውቶቡስ፣ የቤት፣ የመብራት እንጨት ቁጥር። «ለአሥራ ዘጠኝ!» ይላሉ፣ «ስንት ቀረ?» አባባ ስለ ቁጥር ሲያወሩ ስለ ጎረቤት የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ይኼኛው ለሁለትም ለሦስትም እሺ ይላል፣ ያኛው ደግሞ ግትር ነው፣ ለማንም አይካፈልም ይላሉ። ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የምሠራው አትላንታ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ነው፤ በፊቴ የሚያልፈውን ታርጋ ለአሥራ ዘጠኝ ሳላካፍል አላሳልፍም። ቀኑ በምን ይመሽልኛል ሌላ!

ወንድሜ በዲቪ ቀድሞ መጣ፤ እኔ ተከተልኩ፤ እናታችን ካረፈች በኋላ አባባን አመጣናቸው። የሚኖሩት ከአትላንታ ዳር፣ ታከር የሚባል ሰፈር፣ ወንድሜ ቤት ነበር። እኔ በሌላው ዳር፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራይቻለሁ። ታከር ላይ መኪና የሌለው ሰው ከደጅ ወጥቶ የሚሄድበት የለም። አባባ ይህ ገና በመጡ በዓመቱ ገባቸውና በዚያ ዕድሜያቸው መንጃ ፈቃድ አወጡ። ወንድሜ አሮጌ ኮሮላ መኪናውን ሰጣቸው። ቁልፏን በጥቁር ክር አስረው በኮታቸው ኪስ ይይዟታል። በመኪናዋ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ያቺ ቁልፍ ካለች አባባ የሚጠበቁ፣ የሚፈለጉ ሰው ናቸው። ከሌለች ልጅ ቤት ሶፋ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ እሳቸው ያውቁታል።

ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት በገባ በጥቂት ወራት፣ በፈረንጁ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት መጨረሻ ላይ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠፉ። ቱ ኤይቲ ፋይቭ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መውጫቸውን አልፈው ሄዱ፤ ኋላ አንድ ነዳጅ ማደያ ፓርክ አድርገው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ተቀምጠው ተገኙ። እዚያ የሚሠራ የአገራችን ልጅ ስልካቸውን ተቀብሎ ለወንድሜ ደወለ። ወንድሜ ሄዶ አመጣቸውና ቁልፉን ከእጃቸው ወሰደ። እንዲሁ፣ እንደ ልጅ! ወንድሜ እዚህ አገር ከገባ ወዲህ አባባን አንተ ማለት ጀምሯል። «አባባ፣ ዶክተር እስኪያይህ ድራይቭ አታደርግም» አላቸው። እሳቸው ለእኔ ስልክ ደውለው፣ «ልጄ፣ አንድ መውጫ ስለሳትኩ እኮ ነው» አሉኝ። «አንቺ ስተሽ አታውቂም?»

ስቼ አውቃለሁ። እዚያ መንገድ ላይ ያልሳተ ማን አለ? እንዲህ ብዬ ወንድሜን ጮኽኩበት። «አባባ አልጃጁም፤ አንተ ነህ ለመገላገል የቸኮልከው» አልኩት። ሚስቱ ስልኩን ተቀብላ ልታረጋጋኝ ሞከረች፤ እሷንም አልማርኳትም። በዚያ የብርድ ወራት አባባ ሶፋው ላይ ኮታቸውን እንደለበሱ ይውሉ ነበር፤ ወሳጅ ከመጣ እንዲነሡ ይመስለኛል። ወሳጁ ግን ሁሉም ሺፍት ላይ ነው።

ቀጠሮው ጥር ላይ ደረሰ። እኔ ሥራ ገብቼ ስለነበር የወሰዳቸው ወንድሜ ነው፤ ማስተርጎሙንም እሱው አስተረጎመ። ከክሊኒኩ ሳይወጣ ደወለልኝ፤ ሳቁ አላናግር ብሎታል። «በሳቅ ነው የገደለኝ! ዶክተሩን ጉድ ሠራው!»

እንዲህ ነው የሆነው። ወሩን ሲጠየቁ አባባ ጥር አሉ። ጥር ነዋ፤ ወንድሜም ቃሉን ሳይተረጉም እንዳለ ጥር ብሎ አቀበለው። ክብ ተሰጥቷቸው ሰዓት ሳሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ያድርጉት ሲባሉ፣ አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ አደረጉት። የእኛ አሥራ አንድ ሰዓት የሰዓቱ አምስት ላይ አይደል? ዶክተሩ ግን ሁለቱንም ስሕተት ብሎ ያዘባቸው። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይውረዱ ሲባሉ፣ በቃ እስኪላቸው ድረስ ወረዱ። በመጨረሻ ዓመቱን ጠየቃቸው።

«ሰባት ሺህ ምናምን አለው!» አለኝ ወንድሜ። «ዶክተሩ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ነው እኔም የነቃሁት። ቆይ፣ ቆይ አልኩት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው፤ ወሩም ሌላ ነው፤ ሰዓቱም ሌላ ነው አልኩት። ሰውዬው ቀላ! እባክህ ይቅርታ፣ ስለ ባህላችሁ ማወቅ ነበረብኝ አለኝ። ስሕተት ያለውን ሁሉ ሰረዘው።»

እኔም ሳቅሁ። ፓርኪንጉ ገንዘብ መቀበያ ቤት ውስጥ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ፤ እሰይ የእኔ አባት አልኩ። ዛሬ ሳስበው ያ ዶክተር ጨዋ መሆኑ ነው የጎዳን። ባለጌ ቢሆን፣ ሰው ማስቀየም የማይፈራ ደረቅ ሰው ቢሆን፣ «እሺ፣ ሰባት ሺህ ስንት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን ባህል የምትለውን ቃል ሲሰማ እጁን ሰበሰበ። ወንድሜ ደግሞ አባባ ሰባት ሺህ ካሉ በኋላ ጆሮው ተዘጋ፤ ቀልዱን አግኝቷላ! የቀረውን ቁጥር ለምን ይሰማል?

በዚያው እሑድ ታከር ሄድኩ። ወንድሜን አምኜ ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ በራሴ መንገድ ልፈትናቸው ፈለግሁ። ሶፋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ «አባባ፣ የዘንድሮው ወንበር ስንት ነው?» አልኳቸው።

«አልቦ» አሉኝ፣ ሳያስቡበት። አልቦ ማለት ምንም ማለት ነው፤ ዜሮ።

እኔም በልቤ አካፈልኩ። ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስድስት ለአሥራ ዘጠኝ፣ ሦስት መቶ ዘጠና አምስት ይደርሳል፤ አንድ ይቀራል። አንዱ ይነሣል። አልቦ። ትክክል! እልል ማለት ነው የቀረኝ። ይህንን ያህል ስሌት ከአፋቸው ላይ የሚያወጡ ሰው እንዴት ነው አእምሯቸው የሚጠረጠረው? «ቁልፉን አምጣ!» አልኩ ወንድሜን፣ እዚያው ልጆቹ ፊት። አመጣ። ይቅርታም ጠየቀ። አባባ ቁልፉን ተቀብለው ክሩ እንዳለ አዩና ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ያን ቀን ገበያ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ጎናቸው ተቀምጬ እንደ ሙሽራ ነው የተንቀባረርኩት።

ታሪኩ ቤተ ክርስቲያን የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ወንድሜ ነገራቸው፤ እነሱ ጨመሩበት፣ አሳመሩት። አባባ በሄዱበት ሁሉ ሰው ይነሣላቸው ጀመር። «አባታችን፣ እርስዎ እኮ አኮሩን!» ይሏቸዋል። እሳቸው ፈገግ ይላሉ። ምን እንዳደረጉ ያውቁ እንደሆነ እንጃ።

የካቲት ሦስት ሰኞ ዕለት ነነዌ ገባ። ኦፍ ነበርኩና ምሳ ሰዓት አካባቢ ታከር ደረስኩ። ቤት ውስጥ አባባ ብቻቸውን ናቸው። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እንቁላል በዳቦ ይበላሉ።

«አባባ! ነነዌ እኮ ገብቷል!»

መብላታቸውን አላቆሙም። «ነነዌ የሚገባው የካቲት ስድስት ነው» አሉኝ። «ሰኞ።»

«ሰኞ እኮ ዛሬ ነው አባባ። ስድስት ሐሙስ ነው የሚውለው።»

«የምን ሐሙስ?» ዳቦውን አስቀመጡ። «የካቲት ስድስት ሰኞ ነው! ነነዌ ከሰኞ ውጪ ገብቶ ያውቃል? ይህንንም ረሳሽው? ያን ሁሉ አስተምሬሽ!» ተቆጡኝ፤ እንደ ድሮው፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ።

ሳቅ ብዬ ላልፈው ነበር። ሰው ቀን ይሳሳታል። ነገር ግን አባባ በነነዌ አይሳሳቱም። ተቀመጥኩና ከሥር ጀመርኩ። ወንበሩ? አልቦ። ልክ ነው። ከወንበሩ የሚወጣው መጥቅዕ የሚሉትስ? ሠላሳ። እሱም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ መጨረሻው ሦስት ቀን ተዛነፈ። የሚቀረው መጥቅዑ የዋለበት፣ ነነዌን የሚወስነው የመስከረም ሠላሳ ዕለት ነው፤ እሱ ሐሙስ ነበር። «መስከረም ሠላሳ ምን ቀን ዋለ?» አልኳቸው። «ሰኞ» አሉ። 

«አባባ፣ ዓመተ ዓለሙ ስንት ነው?»

«ሰባት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሰባት» አሉኝ።

ምናምኗን ያኔ ሰማኋት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ሰባት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሰባትና ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስድስት የሚለያዩት በአሥራ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ለአሥራ ዘጠኝ ሲካፈሉ የሁለቱም ቀሪ አንድ ነው፤ የሁለቱም ወንበር አልቦ ነው። በዚያ በኩል ያያቸው ሰው አይለያቸውም። እኔ የጠየቅኋቸው ደግሞ በዚያ በኩል ነበር። ለአራት ቢካፈሉ ይለያሉ፤ ዘመኑ የማን ወንጌላዊ ነው ብላቸው ሉቃስ ይሉኝ ነበር፤ የዘንድሮው ማርቆስ ነበር። ለሰባት የሚካፈለው ዕለትም ይለያል፤ ነነዌም የተዛነፈው በእሱ ነው። ከስንት ጥያቄ መርጬ፣ ሁለቱን ዓመት አንድ የሚያደርገውን አንዱን ጥያቄ ጠየቅሁ። እንዲህ ያለ ዕድል ነው ያለኝ!

«አባባ» አልኩ፣ ድምፄን አለሳልሼ፣ «ዘንድሮ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስድስት እኮ ነው።»

ሳቁብኝ። «ሂሳብ ጠፋብሽ። እስቲ ቁጭ በይ» አሉና ሊያስረዱኝ ጀመሩ፤ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እያስኬዱ። «ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስድስት ብትይ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ሦስት መቶ ዘጠና አምስት ይደርሳል። አንድ ይቀራል። አንዱን ለዘመኑ ስናነሣ አልቦ።» ሳልጠይቃቸው ሌላውን ደገሙ። «ሰባት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሰባት ደግሞ፣ ሦስት መቶ ዘጠና አራት ይደርሳል። አንድ ይቀራል። አልቦ።» ጣታቸው ቆመ።

ቀና ብለው ፊቴን አዩት፤ ግንባሬን፣ ፀጉሬን።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አሉኝ።

«ሠላሳ አምስት።»

ሲቀንሱ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። በዚያ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ነበረች። አትላንታ የሚባል አገር መኖሩን ማንኛችንም አናውቅም ነበር። አባባ ታከርን አልረሱም፣ መኪናዋን አልረሱም፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም አልረሱም። እንዴት ሁለቱን አብረው እንደያዙ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ስሌቱን ሳያዛንፉ የሚያወጡ ሰው የሚጀምሩበት ቁጥር ነው የጠፋቸው።

«አንድ ንዑስ ቀመር ጠፋብኝ» አሉ። ንዑስ ቀመር በባሕረ ሐሳብ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዙር ነው። ሰው ዓመታት ጠፉብኝ ሲል ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ስሙን ጠርቶ፣ ልኩን አውቆ የነገረኝ ግን ከእሳቸው ሌላ የለም።

ከዚያ ኮታቸው ኪስ ገቡና ቁልፉን አወጡ። እንቁላሉ አጠገብ አስቀመጡት።

«ያዢ» አሉኝ። «ሰው እንዳልገድል።»

ያን ቀን እሳቸው ፊት አላለቀስኩም። ወደ ሳንዲ ስፕሪንግስ ስመለስ መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ለወንድሜ ደወልኩ። «ዶክተሩ ጋ አባባ ሰባት ሺህ ስንት ነበር ያሉት?» አልኩት።

«እኔ እንጃ፤ ሰባት ሺህ ምናምን ነው ያለው።»

«ምናምኑን ነው የምጠይቅህ! ምናምኑን!»

አሰበ። «ሰማንያ ምናምን መሰለኝ» አለኝ። ሰምቶታል! ቃሉ ጆሮው ውስጥ ነበር። ዘንድሮ የሚባለው ቁጥር ውስጥ ደግሞ ሰማንያ ብሎ ነገር የለም። እንዲህ ስለው፣ «ታዲያ እኔ ይህን በምን አውቃለሁ?» አለ። እውነቱን ነው። ኳሱን ይዞ የሮጠ ሰው በምን ያውቃል?

ዶክተሩ ጋ እንደገና ሄድን። አሁን የእነሱ አስተርጓሚ ነበረች፤ አባባ የሚሉትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ተረጎመች። ዶክተሩ ስለ መርሳት በሽታው የሚለውን አለ፤ መድኃኒቱ የጠፋውን ብዙም እንደማይመልስ ነገረን። በዚህኛው ቀን ይቅርታ አልጠየቀም። ይቅርታ ሊጠይቀኝ የሚገባው ግን ለዚያ ለመጀመሪያው ቀን ነበር።

በማግሥቱ ሥራ ላይ ከታርጋ ይልቅ ያንን ቁጥር ያዝኩት። ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስድስት ገር ነው፤ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለዘጠኝ፣ ለሃያ ሰባት ይካፈላል። ያኛውን፣ ሰማንያ ሰባቱን፣ ለሦስት ብሞክረው አልሆነም። ለሰባት አልሆነም። ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስት፣ ለአሥራ ሰባት፣ መኪና ባለፈ ቁጥር አንድ እየሞከርኩ ቀኑን ዋልኩበት። ካልኩሌተር ይዤ ቀጠልኩ። ለምንም አይካፈልም፤ ከራሱና ከአንድ በቀር። በትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ብቸኛ ቁጥር ነበር የሚሉን። ያኔ ስሙ ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም። አባባ ከዓመት ሁሉ መርጠው የገቡበት ዓመት ማንንም የማያስገባ ሆነ፤ እኔ በሁሉም በኩል ሞክሬዋለሁ።

ቁልፉ ተረስቶ ቢቀር ደግ ነበር። አባባ ግን ለእኔ መስጠታቸውን ረሱና ቁልፉን አልረሱም። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ አንድ እሑድ ወንድሜ ደወለልኝ። አባባ ቁልፌን ሰረቃችሁኝ እያሉ እየጮኹ ነው፤ የሚስቱን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥተው የቤቱ ጋራዥ ድረስ ደርሰው ነበር፤ ለትንሽ ነው የያዘቻቸው።

«ነይና ያቺን ሂሳብ አሠሪው» አለኝ። «እኛን አያምነንም። አንቺ ስታሠሪው ራሱ ያምናል፣ ይተወዋል።»

«እንደ ኪኒን?» አልኩት። «በቀን ስንቴ?»

«ታዲያ ሰው ይግደል?» አለኝ። ሄድኩ።

አባባ ሳሎን ውስጥ ኮታቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ ቆመው ነው የጠበቁኝ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «መጣሽ ልጄ! ንገሪያቸው እስቲ» አሉኝ። ወንድሜና ሚስቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ልጆቹ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ቴሌቪዥኑ ይሰማል። አባባን እጃቸውን ይዤ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው። ያኔ እሳቸው እጄን ይዘው መንገድ ላይ ያካፍሉኝ እንደነበረው፣ «ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስድስት ለአሥራ ዘጠኝ» አልኳቸው። «ስንት ቀረ?»

ደስ አላቸው። ሂሳብ ሲጠየቁ ሁልጊዜ ደስ ይላቸዋል። አካፈሉ። አንዱን አነሡ። አልቦ አሉ። ከዚያ ሳልነግራቸው ሌላውን ቁጥር በራሳቸው አመጡት፤ አካፈሉት፣ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመ። ፊቴን አዩት። ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ቃል ሳይቀር፣ እንደ አዲስ ሰሙት። ለእኔ ሁለተኛዬ ነው፤ ለእሳቸው ግን መጀመሪያቸው ነበር። «አንድ ንዑስ ቀመር ጠፋብኝ» አሉ።

ወንድሜ በሩ ላይ ሆኖ ተነፈሰ። ሠራ ማለቱ ነው።

አባባ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱ። ቁልፉን ሊሰጡኝ ነው። አንዱን ኪስ ፈተሹ፣ ሌላውን ፈተሹ፣ የውስጡን ፈተሹ። ተነሥተው የሱሪያቸውን ፈተሹ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው፣ ያጠፋ ልጅ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ፊቴ ቆሙ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ልሰጥሽ ነበር፤ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋብኝ።»

ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።